«ዞር በሉ!» ባዩ ሃላዋ ሻጭ

አው ዘከሪያ ከተቀበሩ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት ከቤቴ ብቅ ስል ፊታቸውን ደረቱ ላይ ለጥፎ የሚሄድ ጎረምሳ አየሁ። ነጭ ቲሸርት ነው የለበሰው። መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። ቆቡ የእሳቸው ነው፤ ጺሙም የእሳቸው ነው፤ ያቺ ሰው ላይ ሲያሾፉ ከፍ የምትለው ቅንድባቸውም አለች። ከአንገት በታች ግን የማላውቀው ሸንቃጣ ሰው ቆሟል። ጎረምሳውን «እስቲ ቁም» ብዬ ጠጋ ብዬ ባየው፣ ምን ልበላችሁ፣ ሆዳቸውን ቆርጠው ጥለውታል! በኮምፒውተር ነው አለኝ። ለስፖርት ማስታወቂያ እንደዚያ ያለ ሆድ አይሆንም ተብሎ ነው።

ቱ! ሰው ሞቶም በሆዱ ይታማል? ያ ሆድ እኮ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ከእሳቸው ቀድሞ ሰው ቤት የሚገባ ሆድ ነበር። «እኔ ገና ጫማዬን ሳወልቅ እሱ ቁጭ ብሏል» እያሉ ራሳቸው ይስቁበት ነበር። ያንን ሆድ ይዘው ነው ያዞሩን፤ ያንን ሆድ ይዘው ነው የተከራከሩልን። ከሥዕሉ ሥር ደግሞ በደማቅ ቀይ «ዞር በሉ!» ተብሎ ተጽፏል። ቃሏን ከአፋችን ለቀም አድርገው ወሰዷት እንጂ ከየት እንደመጣች አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። አንጀቴ እያረረም ቢሆን እነግራችኋለሁ።

ሐረር ኖሮ የአው ዘከሪያን ሃላዋ፣ ያን በስኳር የሚሠራ ጣፋጭ፣ ያልቀመሰ ሰው ካለ፣ እሱ ከተማው ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። «አው» ሐረሪዎች አባትን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ እኛ ከጀጎል ግንብ ውጭ ያደግን የክርስቲያን ልጆችም እሳቸውን ያለ «አው» ጠርተናቸው አናውቅም። ሱቃቸው ከግንቡ ውስጥ ነበረች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ዳር። ኢድ ሲሆን፣ መውሊድ ሲሆን፣ ሠርግ ሲሆን ሰልፉ እስከ ጎረቤት በር ይደርሳል። እኛም ቤት ፋሲካ ሲመጣ ከዶሮው እኩል የእሳቸው ሃላዋ ይታሰባል። አባቴ ደመወዝ የተቀበለ ቀን በወረቀት አስጠቅልሎ ያመጣልን ነበር። እኔም ወግ ደርሶኝ ትዳር ስይዝ፣ ለልጆቼ ብዬ ገዝቼ ግማሹን መንገድ ላይ የምጨርስ ሰው ሆንኩ።

ከዓመታት በኋላ ሐኪሙ «ስኳር አለብሽ፤ መድኃኒትሽን ውሰጂ፣ በእግርሽም ሂጂ» ሲለኝ፣ በእግሬ የሄድኩት በቀጥታ ወደ አው ዘከሪያ ሱቅ ነው። ልጣላቸው።

«እርስዎ ነዎት የጨረሱኝ!» አልኳቸው ገና ከበሩ።

ቢላዋቸውን ሃላዋው ላይ እንዳሳረፉ ቀና አሉ። «ደግሞ ምን አደረግኩሽ እታገኝ?»

«ስኳር አስያዙኝ!»

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ቢላዋውን አስቀመጡና እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ። «አንቺንም?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔንም ይዞኛል። ራሕማንም ይዟታል።» አይ ራሕማ የምንላቸው ባለቤታቸው ናቸው፤ «አይ» ደግሞ በሐረሪ እናት ማለት ነው። «ወላሂ እታገኝ፣ ይህን ከተማ በስኳር ያስያዝኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። እንግዲህ ያስያዘ ያስለቅቅ! ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ በርሽ ላይ ነኝ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ላዞርሽ ነዋ!»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ወፍ ሲንጫጫ በሬ ተንኳኳ። ከኋላቸው አይ ራሕማ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ቆመዋል፤ አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ አለች፤ አንድ ወፈር ያለ ልብስ ሰፊ አለ፤ ሌሎችም አሉ። ሁሉም የሃላዋ ደንበኛ! ደንበኞቻቸውን በየቤታቸው እየሄዱ ለቅመዋቸዋል፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም፣ ጉልበቱን የሚያመውንም ደሙ የሚበዛበትንም። የጀጎልን ግንብ ከውጭ በኩል ይዘን መዞር ጀመርን። ከሁላችን ይልቅ የሚያለከልኩት እሳቸው ነበሩ። «ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስላቸው፣ ቆም ብለው ሆዳቸውን ወደ ታች አዩትና «እንቁላል መሆኔን በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

ኤረር በር ስንደርስ ነው ነገሩ የተፈጠረው። ኤረር በር ከጀጎል በሮች አንዱ ነው። ከሶፊና ከድሬ ጠያራ ገጠር የሚመጡ ሴቶች ጎመኑን፣ ቲማቲሙን፣ ዘይቱኑን ተሸክመው የሚገቡበት፣ ግንቡ ሥር ዘርግተው የሚሸጡበት ቦታ ነው። ያንን ሁሉ መንገድ ሸክም ይዘው በእግራቸው ይመጣሉ፤ እነሱን ማን ስፖርተኛ ብሏቸው ያውቃል? የዚያን ቀን አንድ ደንብ አስከባሪ ዱላውን እያወዛወዘ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ ያባርራቸዋል። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን እያፈሱ ይሮጣሉ፤ ቲማቲሙ ይንከባለላል። መሐል ላይ እኛ ደረስን። እኛንም ዞሮ «ዞር በሉ!» አለን።

አው ዘከሪያ ሆዳቸውን ይዘው ፊቱ ገተር አሉ። «ልጄ፣ ከንጋት ጀምሮ እየዞርን አይደል እንዴ? ላባችንን አታይም? እንዲያውም ብቻህን ከምትጮህ አንተም ና፣ አብረን እንዙር!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ልጁ ፊቱን ቋጥሮ ቆየና እሱም አልቻለም፤ ሳቀ፣ ዱላውን ብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አው ዘከሪያ በየበራችን እያጨበጨቡ የሚጠሩን በዚህችው ቃል ሆነ። «ዞር በሉ!» ይላሉ፣ እንወጣለን። ማባረሪያ የነበረችውን መጥሪያ አደረጓት። እንግዲህ ቲሸርት ላይ የለጠፏት ቃል ታሪኳ ይህ ነው።

የእሳቸው ዙር እግር ማፍታታት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማዳበሪያ ከረጢት ይዘን ነው የምንወጣው። ግንቡ ሥር ከጥንት ጀምሮ ለጅብ መግቢያ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ የዝናቡም ጎርፍ የሚወጣው በእነሱ ነው። ፌስታልና የጫት ገረባ፣ ያ ተቅሞ የሚጣለው ግንዱና ቅጠሉ፣ ስለደፈናቸው ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ወደ ሰው ቤት ይመለስ ነበር። እሳቸው የተደፈነ ቀዳዳ ባዩ ቁጥር ዙሩን ያስቆማሉ። «አጎንብሱ! ይህቺ ለወገብ ናት» ይላሉ። አጎንብሰን ስንጎለጉል እሳቸው ሆዳቸው አላስጎነብስ እያለ ይቸገራሉ፤ ተንበርክከው ይጎለጉላሉ። ረመዳን ሲቃረብ ደግሞ «ይህቺ ለክንድ ናት» ብለው ኖራና ብሩሽ ያስይዙንና፣ አቅም ያጡ አሮጊቶችን ግድግዳ እንቀባለን። መስቀል ሲደርስ ከግንቡ ውጭ ወደ እኛ ሰፈር ያመጡናል።

ጠባቡ መንገድ ውስጥ ስንገባ በአንድ መስመር ነው። በየበሩ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ክልክል ነው። «ሰላምታ ለሳንባ ጥሩ ነው» ይሉ ነበር። የታመመ ካለ እንሰማለን፣ የወለደች ካለች እንገባለን። እኔና ነርሷ በዕቁብ ነገር ተኮራርፈን አንድ ሰሞን ፊትና ኋላ ሆነን እንዞር ነበር። አንድ ቀን አው ዘከሪያ እሷን በአንዱ ጫፍ፣ እኔን በሌላው ጫፍ አድርገው ወደዚያው ጠባብ መንገድ ሰደዱን። መሐል ላይ ተገናኘን። አንዳችን ወደ ኋላ ካልተመለስን፣ ወይ ተቃቅፈን ካልተላለፍን መንገድ የለም። እኔ እንደሆንኩ አልመለስም፤ እሷም ያው እንደኔ ናት። ተቃቀፍን፤ ምን እናድርግ! አው ዘከሪያ ከወዲያ ጫፍ «መሻአላህ! ይህቺ ለልብ ናት» ብለው ሲጮኹ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ሱቃቸውም ብትሆን እንደ ድሮዋ አልቀረችም። ሃላዋ ልግዛ ብሎ የመጣውን ሁሉ «ዞረሃል?» ይሉት ጀመር። ያልዞረ አይሸጥለትም። ይህን ሰምቶ ያልተቆጣ የለም። «ገንዘቤን ይዤ መጥቼ ደግሞ ፈተና አለው?» ያለ አንድ ሀብታም ነጋዴ ነበር፤ ተቆጥቶ ሄደ፤ በሳምንቱ ቱታ ለብሶ ኤረር በር አገኘነው። የሃላዋውን ስኳርም ቀነሱና ለውዝ አበዙበት። ለውዙን ታዲያ ከማን መሰላችሁ የሚገዙት? ከአዴ ሞሚና።

አዴ ሞሚና የሶፊ ገበሬ ናት፤ «አዴ» በኦሮምኛ እናትን የሚጠሩበት ነው። ጎመንና ለውዝ ታመጣለች፤ ምላሷ ከእኔ ይብሳል፤ ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ነው የምትለው። ዙራችን የሚያበቃው እሷ ፊት ነበር። ከቤት ውሃም ብስኩትም ይዞ መምጣት የለም፤ የሚያዘው ዘንቢል ነው። «ባዶ ዘንቢል ይዞ የሚገባ ሰው እግሩን እንጂ ከተማውን አላንቀሳቀሰም» ይሉን ነበር አው ዘከሪያ። አዴ ሞሚና ከሩቅ ስታያቸው «አባ ገራ መጣ!» ብላ ትጮሃለች። በኦሮምኛ ገራ ሆድ ነው፤ ባለ ሆዱ መጣ ማለቷ ነው።

«ያ ረቢ!» ይላሉ የተቆጡ መስለው። «እኔ በዞርኩ ቁጥር የዚህች ሴት ምላስ ነው የሚረዝመው።»

«ይሄን ሁሉ ዞረህ ገራው እዚያው ነው እኮ ያለው፣ አባ ገራ!»

«ይሄ የሃላዋ ግንብ ነው ሞሚና። በአንቺ ጎመን ቀስ እያልኩ ላፈርሰው ነው።»

«ተው፣ እንዳታፈርሰው» ትላቸዋለች። «ካፈረስከው በምን አውቅሃለሁ?»

እንስቃለን። ከዙሩ በፊት ከእነዚያ ሴቶች ጋር ዋጋ ከመከራከር በቀር አንድ ቃል ተለዋውጬ አላውቅም። በኋላ ግን የማንኛዋ ልጅ ፈተና እንዳለፈ፣ የማንኛዋ ማሳ ዝናብ እንደዘገየበት የማውቅ ሰው ሆንኩ። ስኳሬም ወረደ። ሐኪሙ ተገርሞ «ምን አድርገሽ ነው?» ሲለኝ «ዞሬ ነው» አልኩት። «ያዞርሻል እንዴ?» ብሎ ደንግጦ ዓይኔን ሊያይ መብራቱን አወጣ። አው ዘከሪያ ይህን ስነግራቸው ግንቡን ደገፍ ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ደህና ነገር መቼ ይበረክታል! ወሬያችን አንድ ቢሮ ደረሰ። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ ስሙን መጥራት ማድመቅ ነው። አስተባባሪ የሚሉት ሰው አዲስ ስኒከሩን እያስጮኸ መጣና «አባባ፣ ይህን ነገር እናሳድገዋለን» አላቸው። እሳቸው የዋህ ናቸው፤ «ካደገማ አልሃምዱሊላህ» አሉ። እሁድ ማስ ስፖርት ተባለ። ጉድ እኮ ነው! መንገዱ በገመድ ተዘጋ። ከሶፊ የመጡት ሴቶች ከነሸክማቸው ከገመዱ ወዲያ ቀሩ፤ ጎመኑ ፀሐይ ላይ ጠወለገ። መድረክ ላይ አንዱ «ወደ ላይ! ወደ ጎን!» እያለ ይጮሃል፤ ድምፅ ማጉያው ግንቡን ያንቀጠቅጠዋል። ለሕዝቡ ሁሉ የታሸገ ውሃ ታደለ። ሲያበቃ ሰው ሁሉ የጠጣበትን ላስቲክ ባለበት ወርውሮ ሄደ። ስንት ጊዜ ተንበርክከን ያጸዳነው ቀዳዳ በአንድ ጠዋት ተደፈነ! ስፖርት ነው ይሄ? እኔ ስድብ እንጂ ስፖርት አልለውም።

አው ዘከሪያ ተንበረከኩ። ከረጢታቸውን ይዘው መልቀም ጀመሩ፤ እኛም ተከተልናቸው። ይህን ጊዜ አስተባባሪው ሮጦ መጥቶ አጠገባቸው አጎነበሰ። ሊያግዝ መስሎኝ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብዬው ነበር። ለካ ፎቶ ሊነሳ ነው! ካሜራው ብልጭ ሲል ቀና አለ፣ እጁን በመሐረብ ጠረገ፣ ሄደ። ምን ነክቶ ነው የጠረገው? ምንም አልነካም እኮ!

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ባሰ። ኤረር በር ግንቡ ሥር ያለው ቦታ፣ ሴቶቹ የሚሸጡበትም እኛ የምናልፍበትም ሁሉ ታጥሮ፣ የብረት መሣሪያ የሚተከልበት የስፖርት ሜዳ ሊሆን ነው ተባለ። ሴቶቹስ? «ሌላ ቦታ ይመቻችላቸዋል።» ዙሩስ? «ውስጥ ትዞራላችኋ!» ግንብ የሚያህል ነገር ትቶ አጥር ውስጥ እንደ ወፍጮ መዞር!

ስብሰባ ጠሩን። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጥ አው ዘከሪያ ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ። ንግግራቸው ዛሬም ከጆሮዬ አይወጣም።

«ልጆቼ፣ አባቶቻችን ይህን ግንብ የሠሩት ጠላት ፈርተው ነው። እየፈሩም ግን ለጅብ ቀዳዳ ተዉለት። ጅብም የአላህ ፍጡር ነው፣ ይግባ፣ ቆሻሻውን ይብላ፣ ይውጣ አሉ። ታዲያ ለጅብ መንገድ ያልነፈገ ከተማ ጎመን ለተሸከመች ሴት ይነፍጋል? ሐራም ነው ይሄ! እናንተ ብረት ልታነሱ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከሶፊ ጀምሮ ሲያነሱ ነው የኖሩት። ሜዳውን ሥሩ፣ ደስ ይለናል። በሩን ግን አትዝጉባቸው። ሌላ ምንም አልለምናችሁም።»

ቤቱ አጨበጨበ። አስተባባሪውም አብሮ አጨበጨበ። «የአባታችንን ሐሳብ ወስደነዋል» አለ። ወሰዱትማ! ወስደው የት እንዳደረሱት ነው የጠፋው።

ስንወጣ ደጃፉ ላይ ጠበቁኝ። «እታገኝ፣ እሺ ያሉኝ ይመስልሻል?» አሉኝ።

«አጨብጭበው የለ? እሺ ማለታቸው ነው» አልኳቸው።

«እሺ ያለ ሰው እንዲህ አያጨበጭብም» አሉና ወደ ሱቃቸው አመሩ።

የሞቱት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ልባቸው ነው አሉ። ያን ጠዋት ለብሼ፣ ዘንቢሌን ይዤ ጭብጨባቸውን እጠብቃለሁ። የመጣው ልብስ ሰፊው ነው። በሬ ላይ ቆሞ «እታገኝ፣ ዛሬ ዙር የለም» አለኝ። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ይባላል። ስሰማው ያደግኩት ተረት ነው፤ ያን ቀን ግን ዘንቢሌን እንደያዝኩ ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩ።

ወንዶቹ ቀብር ሲሄዱ እኛ አይ ራሕማን ከብበን ተቀመጥን። አዴ ሞሚና የመጣችው ከቀትር በኋላ ነው፤ አንድ እስር ጎመን ይዛ። ለቅሶ ቤት ጎመን ማን ያመጣል? ከአይ ራሕማ ፊት አስቀመጠችውና «ጠዋት ለሱ ለይቼ ያስቀመጥኩት ነው። ለሌላ ሰው ልሽጠው ብል እጄ እምቢ አለኝ» ብላ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። አይ ራሕማ እስከዚያ ድረስ ደርቀው ነበር፤ ጎመኑን አቅፈው ማልቀስ የጀመሩት ያኔ ነው። አስተባባሪውም ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ። «ባለ ራዕይ አባት አጣን» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! በቁማቸው የለመኑትን አንድ በር የነፈገ ሰው፣ ሲሞቱ ራዕይ ያድላቸዋል።

የመቃብራቸው አፈር ሳይደርቅ አጥሩ ቆመ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ ባለቤቱን ንቀው አጥር ተከሉበት። ስሙንም «የአው ዘከሪያ የስፖርት ሜዳ» አሉት። በገዛ ስማቸው በሩን ዘጉባቸው! ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሰውን ሲቃወሙት ቢኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ሰውዬውን ለማክበር ብሎ የሰውዬውን ሥራ ማፍረስ ግን የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያለው?

ያንን ቲሸርት ለአይ ራሕማም በስጦታ ላኩላቸው። ሲመጣ እኔ እዚያው ነበርኩ። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብዙ አዩት። «ይሄን ሰው አላገባሁትም» አሉና አጥፈው ሰጡኝ። «አንቺ ሂጂና ድግሳቸውን እዪልኝ። እኔ ከሄድኩ አለቅሳለሁ፤ ለቅሶዬንም ፎቶ ያነሱታል።»

በሜዳው ምርቃት ዕለት እኛን የዙሩን ሰዎች ከፊት ወንበር አስቀመጡን። ቲሸርት ልበሱ አሉን፤ ማናችንም አልለበስንም። ጭናችን ላይ ግን እንደ ልማዳችን ዘንቢላችንን ይዘናል። የአጥሩ መግቢያ ላይ ጠባቂ አለ፤ ቲሸርቱን ለብሷል። አዴ ሞሚናና ጓደኞቿ እንደ ወትሯቸው ተሸክመው መጡ። የት ይሂዱ? ያ «ይመቻችላቸዋል» የተባለው ቦታ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ጠባቂው ሁለት እጁን ዘርግቶ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» ይላቸው ጀመር። ደረቱ ላይ «ዞር በሉ!»፣ አፉም «ዞር በሉ!»። መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነስቼ ሄድኩ።

አዴ ሞሚና አየችኝ። የአማርኛ ፊደል አትለይም። «እታገኝ፣ ይሄ ደረቱ ላይ ያለው ማል ጄዳ? ምንድነው የሚለው?»

«ዞር በሉ ይላል» አልኳት።

«ኤዲያ! አፉም ይሄንኑ ነው የሚለው» አለች። ከዚያ ሥዕሉን በአገጯ አመለከተች። «ሰውዬውስ ማነው?»

በየማለዳው ስታያቸው የኖረችው ሴት! «አባ ገራ ነው» አልኳት።

ጠባቂው ደረት ድረስ ተጠግታ አየች። ፊቱን አየች፣ ከፊቱ በታች አየች። «ገራውስ?» አለች።

ምን ልበላት? «ወሰዱት» አልኳት።

አዴ ሞሚና ከሥዕሉ ራቅ አለች። ዘንቢሏን አንስታ ጭንቅላቷ ላይ አደረገች፣ ጀርባዋን ለጠባቂው ሰጠች፣ ግንቡን በቀኝ ይዛ ጉዞ ጀመረች። ጓደኞቿ ተከተሏት። እኔ በዚያች ቅጽበት ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እጄን አነሳሁና እንደ አው ዘከሪያ አጨበጨብኩ። «ዞር በሉ!» ብዬ ጮህኩ። ልብስ ሰፊው ብድግ አለ። ነርሷ ብድግ አለች። ያ ነጋዴም ተነሳ። የፊቱ ወንበር ሁሉ ባዶ ሆነ።

«እናቶች! አባቶች! ወዴት ነው? ፕሮግራሙ እኮ አልተጀመረም!» አለ አስተባባሪው በድምፅ ማጉያው።

«ዞር በሉ ብላችሁ ጽፋችሁ የለ?» አልኩት። «ታዘዝናችኋ!»

ሰንጋ በር ስንደርስ ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ ከየቤቱ ወጣ፤ ያየን ሁሉ ዘንቢሉን ይዞ ገባበት። ሴቶቹ እየሄዱ ይሸጣሉ፣ እኛ እየሄድን እንገዛለን። ቡዳ በርን አለፍን፤ ሸዋ በር ላይ የባጃጅ ሾፌሮች ቆመው አሳለፉን፤ አሮጊቶች በር ላይ ወጥተው መረቁን። የተደፈነ ቀዳዳ ስናገኝ ቆመን አጎነበስን። ማንም «ይህቺ ለወገብ ናት» አላለም፤ ሁላችንም ግን ሰማነው። ፈላና በርን ስናልፍ ወደ ኋላ ዞሬ ባይ የሰልፉ ጫፍ አይታየኝም።

ጀጎልን የዞረ ሰው የት ይደርሳል? ከተነሳበት። ኤረር በር ስንመለስ ምርቃቱ አልቋል። ወንበሮቹ ተጭነዋል፣ አስተባባሪው ሄዷል፣ የውሃው ላስቲክ መሬቱን አልብሶታል። ጠባቂው ብቻውን የአጥሩ መግቢያ ላይ ቆሟል። አዴ ሞሚና ቀጥ ብላ በአጠገቡ አለፈች፤ ግንቡ ሥር ዱሮ ወደምትቀመጥባት ድንጋይ ሄደች፤ ዘንቢሏን ከጭንቅላቷ አወረደች።

«ዞር በ…» አለ ጠባቂው።

«ዞረናል» አለችው፣ የቀረውን ጎመን እየዘረጋች።